ቲልዳን የሚረከብ ሰው

ጥንቸሌ ቲልዳ ምግብ እምቢ ያለችው ጓደኛዋ ሞካ በሞተ ማግስት ነው። ያቀረብኩላት ደግሞ እንዲያው የተገኘ ነገር አልነበረም። ከተዘጋው የባቡር ሐዲድ ዳር በጠዋት የለቀምኩት ጎርተብ፣ ማገጥ፣ ለጋ ሣር፣ በዚያ ላይ እኛ የአንበሳ ጥርስ የምንለው ባለ ቢጫ አበባ ቅጠል ነበር። የአንበሳ ጥርስ እምቢ ያለች ጥንቸል በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችውና ጀርባዋን ሰጥታኝ ሞካ ይተኛበት ወደነበረው ጥግ ሄደች።

ጥንቸል ካሮት ነው የምትበላው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ካሮት ለጥንቸል ከረሜላ ነው። ጥንቸል የሜዳ እንስሳ ናት፤ ሜዳ መሄድ ካልቻለች ሜዳው ወደ እሷ መምጣት አለበት። ይህን ያስተማረኝ ባለቤቴ ኦትማር ነው። ዕድሜውን ሙሉ እዚሁ ሰፈራችን ሥር ከሰል ሲቆፍር የኖረ ሰው ነበር። ማዕድኑ ተዘግቶ ጡረታ ሲወጣ፣ ያን ሁሉ ዘመን ከመሬት በታች በማሳለፉ አረንጓዴ ነገር ናፍቆት ነው መሰለኝ፣ ሁለት ጥንቸሎች አመጣና በየቀኑ ቅርጫት አንጠልጥሎ ቅጠል ለቀማ ይወጣ ጀመር። እሱ ሲሞት ቅርጫቱ ለእኔ ቀረ። ጥንቸል ሐዘንተኛ ነኝ ብትላት አትሰማም፤ ቁርሷን ትፈልጋለች። ከቀብሩ በማግስቱ ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ ሐዲዱ ዳር ወርጄ ለቀምኩ። እውነቱን ለመናገር ለዚያ ቅጠል ባይሆን ኖሮ ከቤት የምወጣበት ምክንያት አልነበረኝም።

አሁን ደግሞ ሞካ ሞተና ቲልዳ ብቻዋን ቀረች። ጥንቸል ብቻዋን ስትሆን የምግብ ፍላጎቷ ይዘጋል። አንዷ ስታኝክ ሌላዋ ድምፁን ሰምታ ነው የምትመጣው፤ አብረው አንገታቸውን ደፍተው አንዱን ዘለላ ከሁለት ጫፍ እየጎተቱ ነው የሚበሉት። ይህን ስለማውቅ ሌላ መላ ሲጠፋኝ ጓሮ ወጥቼ ሣሩ ላይ በእጄና በጉልበቴ ተንበረከክሁ፤ አፌን ወደ ቅጠሉ ዝቅ አድርጌ አንድ የአንበሳ ጥርስ ነከስኩና ማኘክ ጀመርኩ። ሲበዛ መራራ ነው። ቲልዳ ጆሮዋን አቆመች። ሁለተኛ ቅጠል ነከስኩ። ቀስ እያለች መጣችና ከአፌ የተንጠለጠለውን ጫፍ ያዘች።

"ዘይትና ኮምጣጤ ላምጣልዎት?" የሚል ድምፅ ከአጥሩ ማዶ መጣ።

የብሩኖ ሰውዬ ነው። ብሩኖ ትልቅ ቡናማ ውሻው ነው፤ ሽማግሌ ሆኗል፣ የኋላ እግሮቹን እየጎተተ ነው የሚሄደው።

"ይሂዱ ወዲያ!" አልኩት አፌን በቅጠል ሞልቼ። "ለጥንቸሏ ነው!"

"ለጥንቸሏ ከሆነ ታዲያ ለምን ይሻሟታል?"

ቆሜ ጉልበቴን አራገፍኩ። እየሳቀ ነበር፤ ብሩኖም አፉን ከፍቶ የሚስቅ ይመስል ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን እመልስለት ነበር፤ ያን ቀን ግን ወደ ቤት ገባሁ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንዲሁ አደረግን። እኔ አኝካለሁ፣ እሷ ትበላለች። እኔ ሳቆም እሷም ታቆማለች። መብላቷስ ይሁን፤ አንጀቴን የሚበላው ሌላው ነገር ነበር። ጥንቸል እንዲልሷት ከፈለገች ጭንቅላቷን መሬት ላይ ዝርግት አድርጋ ደፍታ ትጠብቃለች። ሞካ ግንባሯንና የጆሮዋን ሥር እየላሰ ያጸዳላት ነበር። አሁን ለእኔ ትደፋልኛለች። በጣቴ እደባብሳታለሁ፤ እጅ ግን ምላስ አይደለም። ትንሽ ትጠብቅና ጭንቅላቷን አንስታ ታየኛለች።

እኛ ጋ ጥንቸልን ብቻዋን ማኖር ነውር ነው። የእንስሳት ሐኪሟ ትቆጣለች፣ ጎረቤት ያማል። ስለዚህ የተጣሉ እንስሳት ማቆያ ደወልኩና ለቲልዳ ጓደኛ እፈልጋለሁ አልኩ። እነሱ ደግሞ ቤትሽን መጥተን ሳናይ አንሰጥም ባዮች ናቸው። ቪብከ የምትባል ልጅ እግር ሴት ላኩልኝ። ገና በሩን ሳልከፍትላት "ቪብከ ይበሉኝ፤ እኛ ማቆያ ሁላችንም በስማችን ነው የምንጠራራው" አለችኝ። ቀበሮ የማያስገባ መሆኑን ለማየት አጥሩን ነቀነቀች፤ ሽቦው ከመሬት ሥር መግባቱን በጣቷ ቆፍራ አረጋገጠች። ጥላ ሥር ያስቀመጥኩትን ቅርጫት ስታይ ፊቷ በራ።

"ይሄን ሁሉ ራስዎ ነው የለቀሙት?"

"ታዲያ ማን ይለቅምልኛል?"

"አንቶን ይሄን ቢያይ ያብዳል። የእሱም ሚስት ሞታበታለች፤ ከዚያ ወዲህ ጥግ ይዞ ነው የሚውለው። ሜዳ የለመደ ጥንቸል ነው።" ከዚያ ከተንበረከከችበት ተነሣች። "ወይዘሮ ላምበርት፣ ሁሉም ነገር ከጠበቅሁት በላይ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል። አንድ ነገር ቢደርስብዎት ጥንቸሎቹን ማን ይረከብልዎታል?"

"ምን ይደርስብኛል?"

"መታመም አለ፣ ሆስፒታል መግባት አለ..."

"መሞት በይው እንጂ፤ ምን አስፈራሽ።"

"እሺ፣ መሞት" አለች። ቀላች። "ዕድሜው የገፋውን ሰው ሁሉ ነው የምንጠይቀው። ባለፈው ክረምት አንዲት ሴትዮ ብቻቸውን ሞተው ጎረቤት ሳያውቅ ቆየ። ሁለቱን ጥንቸሎች ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። አንደኛዋ አልተረፈችም። ማቆያው ደግሞ ሞልቷል፤ ተመልሰው ቢመጡ የምናስገባበት የለንም። አንድ ስም ብቻ ይስጡኝ። ከእርስዎ በኋላ እረከባለሁ የሚል አንድ ሰው።"

 

"ስም ባላገኝስ?"

"አንቶንን ልሰጥዎት አልችልም። ጥንድ ጥንቸል የሚፈልግ አንድ ቤተሰብ አለ፤ ትልቅ ጓሮ አላቸው። ቲልዳን ቢሰጡን ሁለቱን አብረን..." የእኔን ፊት አይታ አቆመች። "ማንም አያስገድድዎትም። ቅዳሜ ተመልሼ እመጣለሁ። እስከዚያ ያስቡበት።"

አሰብኩበት። ኦትማርና እኔ ልጅ አልወለድንም። ላይኛው ፎቅ ያሉት ወጣቶች በየዓመቱ ይቀያየራሉ፤ የአሁኖቹ ጆሯቸውን በማዳመጫ ደፍነው ነው ደረጃ የሚወርዱት፣ ሰላም ስላቸው እንኳ አይሰሙም። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ትስቅልኛለች፤ ለሁሉም ነው የምትስቀው። የቀረችኝ እኅቴ ጌርሊንደ ነበረች። የእናታችን ቀብር ዕለት እኔ ዘንድ በቀረው የእናታችን የዕቃ ቡፌ ተጣልተን ተኳርፈናል። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ደወልኩ።

"ጌርሊንደ፣ እኔ ነኝ።"

"እኔ ማን?"

"ሮስቪታ።"

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። እኔ ብሞት ጥንቸሎቼን ትወስጂልኝ እንደሆነ ልጠይቅሽ ነው።"

"ጥንቸል? እኔ ጥንቸል የማውቀው በሰናፍጭና በድንች ነው።"

"አትቀልጂ፣ የምሬን ነው።"

"ማን ቀለደ አለሽ? ቡፌውን ግን እወስደዋለሁ።"

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ከዚያ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ የማውቃቸውን ሰዎች በሐሳቤ አንድ በአንድ ጠራሁ። በጣም ብዙ ስም እንደማውቅ ያኔ ገባኝ፤ ሁሉም ግን የውሻ ነው። ብሩኖ፣ ከወንዙ ማዶ የምትመጣው ነጯ ሜላ፣ ሦስት እግር ያለው ካርሎ። ማን ስንት ጊዜ እንደታመመ፣ ማን ነጎድጓድ እንደሚፈራ አውቃለሁ። የጌቶቻቸውን ስም አላውቅም። እዚህ አገር ሰው ከሰው ጋር የሚያወራው በውሻ በኩል ነው፤ ዓመታት ያልፋሉ፣ ስምዎ ማነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። አንድም ሰው የለኝም ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ ለማን እንደተናገርኩ አላውቅም፤ ቃሉ ራሱ አስደነገጠኝ።

በማግስቱ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ሐዲዱ ዳር ወጣሁ። የብሩኖ ሰውዬ ቀድሞኝ ነበር። ብሩኖም ቀድሞኛል፤ ከሁሉ የሚሻለውን የጎርተብ ቦታዬን መርጦ እንደምንም አንድ እግሩን አንሥቷል።

"ብሩኖ! እዚያ አይደለም!" ብዬ ጮህኩ።

"ምን አጠፋ?" አለ ሰውዬው።

"የቲልዳ ቁርስ ላይ ሸና!"

"ይቅርታ፤ ጨው ያነሰው መስሎት ይሆናል።"

ሳልወድ ሳቅ አመለጠኝ። ከዚያ ሳቁ ሳይጠፋብኝ ቶሎ ብዬ "ስምዎን ማን ልበል?" አልኩት።

ተገረመ። "ሲኮራ። የእርስዎስ?"

"ላምበርት። አቶ ሲኮራ፣ እኔ ብሞት ጥንቸሎቼን ይረከቡልኛል?"

ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። "መቼ ነው የሚሞቱት?"

"ገና አልወሰንኩም።"

"እንግዲያው እሺ። ማክሰኞ ብቻ አይሁን፤ ማክሰኞ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለኝ።"

እንዲህ በቀላሉ! የሐዲዱ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኩት፤ ስለ ቪብከ፣ ስለ አንቶን፣ ስለ ቅዳሜ። ቅዳሜ ልጅቷ ጥያቄ ብትጠይቀው እንዳያፍር ልማር አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረን ለቀምን። ብሩኖን ጥላ ሥር አስተኝተን እኔ ፊት ፊት፣ እሱ ከኋላ። ሳማውን ነቅሎ እጁን ሲለበልበው በልጅነቱ የተማራቸውን ስድቦች ሁሉ አሰማኝ። ሳማ ጠውልጎ ሲደርቅ ጥንቸል እንደምትወደው ብነግረው አላመነኝም። አንድ ጊዜ የሚያብረቀርቅ ቢጫ አበባ እቅፍ ሙሉ አመጣልኝ።

"ይኼ የአንበሳ ጥርስ አይደለም" አልኩት። "ይኼ አፍና ሆድ ያቃጥላል፤ ይጣሉት።"

"ቢጫ አይደለም እንዴ?"

"ቢጫ ሁሉ ይበላል? የፖስታ ሳጥንም ቢጫ ነው!"

የለቀመውን በላስቲክ ከረጢት ቋጥሮ ሊይዝ ሲል ደግሞ ከእጁ ነጠቅሁት። ይህ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል። ቅጠል በላስቲክ ከታፈነ ውስጥ ውስጡን ይግላል፣ የጋለ ቅጠል የበላች ጥንቸል ሆዷ ተነፍቶ በዚያው ቀን ትሞታለች። ክፍት ቅርጫት፣ ሣሳ ተደርጎ፣ ጥላ ሥር። ሁለት ጊዜ አስደገምኩት፤ እንደ ተማሪ ደገመልኝ። እነዚያን ጠዋቶች ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ። ወደ ቤት ስመለስ ለቲልዳ ጓደኛሽ ሊመጣ ነው እላታለሁ። ጥግ ላይ አዲስ ገለባ ጎዝጉዤ የአንቶንን መተኛ አዘጋጀሁ።

ቅዳሜ ሲኮራ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ መጣ፤ ብሩኖን አጥሩ ዳር አስተኛው። በእጁ አበባ እንደሚያመጣ ሰው የጎርተብና የማገጥ እቅፍ ይዟል። በኋላ ቪብከ መጣች፤ መኪናዋ ውስጥ ባዶ የእንስሳት ማጓጓዣ ሳጥን አየሁ፤ አንቶን አልነበረም።

"የሚረከበው ሰው ይኸውልሽ" አልኳት። "አቶ ሲኮራ።"

ሲኮራ ጉሮሮውን ጠረገ። "ላስቲክ ክልክል ነው፤ የሚያብረቀርቀው ቢጫም ክልክል ነው። ሳማ ደርቆ ይቻላል" አለ በአንድ ትንፋሽ።

ቪብከ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በጣም በጨዋ ድምፅ "ይቅርታ ያድርጉልኝና ዕድሜዎ ስንት ነው?" አለችው።

"ሰማንያ ሦስት።"

እኔ ከእኔ ቢበልጥ በአንድ ሁለት ዓመት ነው ብዬ ነበር የማስበው። የቪብከ ፈገግታ ሲጠፋ አየሁት። እሷም እንዳየሁባት አወቀች።

"እናቴ እኮ መቶ ሊሞላት ትንሽ ሲቀራት ነው የሞተችው" አለ ሲኮራ። "ዘራችን አይሞትም።"

"አቶ ሲኮራ፣ ከወይዘሮ ላምበርት የሚያንስ ሰው ነው መሆን ያለበት። ጥንቸል አስር ዓመት ሊኖር ይችላል። ልጅ የለዎትም? ልጅ ቢፈርምልን እንኳ..."

"ሴት ልጅ አለችኝ" አለ። "የሚረከበኝ ታናሽ ሰው ቢኖረኝማ እኔም ራሴ እጠቀምበት ነበር።"

 እኔ ተናድጄ ነበር። የሚያስፈልገኝን ሁሉ አሟልቼ ነበር፤ አጥሩ፣ ጥላው፣ ቅጠሉ፣ በክራቫት የመጣ ሰው እንኳ ነበረኝ። ቪብከን ሂጂ ልላት ነበር፤ አንቶንሽ ይቅርብኝ፣ ለቲልዳ እኔ እበቃታለሁ፣ እየነከስኩ አበላታለሁ ልላት ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሷል።

ቲልዳ ከጥጓ ወጣች። በመካከላችን አልፋ ሄዳ ቪብከ ፊት ቆመች። የቪብከ ጫማ ላይ አሸተተች፤ ያን ጫማ አድርጋ ከአንቶን ጋር ስትውል የእሱ ሽታ ተጣብቆበት ይሆናል። ከዚያ ጭንቅላቷን መሬት ላይ ዝርግት አድርጋ ጫማው ፊት ደፋች። ትጠብቃለች። እንዲልሳት ጫማውን ትጠብቃለች።

 እኔ እበቃታለሁ ልል የነበርኩት ስለምበቃት አይደለም፤ እሷ ለእኔ ስለምትበቃኝ ነው። ይኸው ነው ነገሩ።

"ውሰጃት" አልኩ።

"ወይዘሮ ላምበርት፣ ዛሬውኑ መሆን የለበትም..."

"ውሰጃት አልኩሽ። ነገ ሐሳቤን እለውጣለሁ።"

ሳጥኑ ውስጥ ያስገባኋት እኔ ነኝ። አልታገለችኝም። ቅርጫቱን እንዳለ አብሬ ሰጠሁ፤ ምግብ ባንድ ጊዜ ከተቀየረባት ሆዷን ያማታል፣ የለመደችው ከአዲሱ ጋር እየተቀላቀለ ነው መሰጠት ያለበት። ይህን ለቪብከ ስነግራት እሷም የምታውቀውን ነገር እንደ አዲስ አዳመጠችኝ። ያ ቤተሰብ ቅጠል መልቀም ያውቃል ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

"አስተምራቸዋለሁ" አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ጥሩ ልጅ ናት፤ ያን ሰዓት ግን አልወደድኳትም።

መኪናዋ ሄደች። ሲኮራ ግን አልሄደም፤ ክራቫቱን አላልቶ አጥሩን ተደግፎ ቆመ፤ ብሩኖ እግሩ ሥር ተዘረጋ።

"ወይዘሮ ላምበርት፣ አንድ ነገር ብነግርዎት ይቆጣሉ?"

"ዛሬ ለመቆጣት አቅም የለኝም።"

"ባለፈው ክረምት በአምቡላንስ ወስደውኝ ነበር። ልቤ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ውሻውን ማን ይያዝልዎታል ብለው ጠየቁኝ። ልጄ ጋ ደወሉላት፤ አልችልም አለች፤ ትልቅ ሥራ ነው ያላት። እናም እርስዎን ጠቀስኩላቸው።"

"እኔን? ምን ብለው?"

"ስምዎን የት አውቄው። 'ጥግ ላይ ያለችው የጥንቸሎቹ ሴትዮ' አልኳቸው። 'እሷ ትወስደዋለች' አልኩ።" ብሩኖን በጫማው ጫፍ አከክ አደረገው። "ሳላስፈቅድዎት ነው። በማግስቱ ስለለቀቁኝ እርስዎ ጋ የመጣ የለም።"

ያን ክረምት አስታወስኩት። ወጥ ቤት ወድቄ ብቀር የሚጠይቀኝ የለም እያልኩ የከረምኩበት ክረምት ነው። እንባዬ መጣ፤ ቲልዳን ስሸኝ ያልመጣው እንባ ያኔ መጣ፤ ለመደበቅም አልሞከርኩም። እሱ ደግሞ ደግ ሰው ስለሆነ ወደ ሐዲዱ በኩል እያየ ቆየልኝ።

"አሁንም ቢጠይቁዎት እንዲያው ይበሏቸው" አልኩት በመጨረሻ።

"አሁንማ እንዴት እላለሁ? ጥንቸል የለዎትም።"

እውነቱን ነው፤ የለኝም። "ሮስቪታ ላምበርት ይበሏቸው" አልኩት።

"ሮስቪታ ላምበርት" አለ። እንዳይጠፋበት ደገመው። ብሩኖን አስነሣና በአጥሩ ዳር ስሜን በለሆሳስ እየደጋገመ ሄደ። ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ ሰማሁት። ከዚያም በኋላ ቆየሁ፤ ውስጥ የሚጠብቀኝ አልነበረም።